የዶን ማርሴሎ ካፖርት ገበር

በዚህ በጋ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ከሕንፃዎቹ በላይ ሳለች፣ ኦርሊኮን ጣቢያ ፊት ለፊት ትራም ስንጠብቅ፣ በዚያ ሙቀት አንዲት ወጣት የክረምት ካፖርት ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ለብሳ ስትጨፍር አየሁ። ስፔን ኳስ አሸንፎ ነበር። እኔ ኳስ አይገባኝም፤ ማሸነፋቸውን ያወቅሁት ከመኪናው ጡሩምባ ነው። ቀይና ቢጫ ባንዲራ በየመኪናው መስኮት ይውለበለባል፣ ሴቱም ወንዱም ጉንጩን ቀለም ተቀብቷል፣ ከካልሲ እስከ ኮፍያ ያልቀላ ነገር የለም። ጸጥታ የሚወደው የዙሪክ ሰው እንኳ ቢራውን ይዞ ፈገግ ብሎ ቆሟል። የኔ ዓይን ግን ካፖርቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ገበሩ ከትከሻ እስከ ደረት ሐምራዊ፣ ወገቡ ላይ ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይ ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ገበር ያለው ካፖርት አንድ ብቻ ነው፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ኮም! ትራሙ መጣ» አለችኝ ልጄ ማህሌት። ዙሪክ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ መሀል ጀርመንኛ ጣል ታደርጋለች።

«ይሂድ።»

«ቫስ? ለምን ይሂድ?»

«ይሂድ አልኩሽ! ያንን ካፖርት አውቀዋለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ጡረታ የወጣ አባት መንገድ ላይ ቆሞ «ካፖርት አውቀዋለሁ» ሲል ልጅ ምን እንደምታስብ አይጠፋኝም። ግን እንዴት ብዬ በአንድ ትንፋሽ ልንገራት? ነገሩ የሚጀምረው እሷ ከመወለዷ በፊት ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው ጄኔቫ ነበር። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ፀጉሬ ጎፈሬ፣ ሱሪዬ ከጉልበት በታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግ፣ ፈረንሳይኛዬ ከ«ቦንዡር» የማያልፍ። የነበረኝ ነገር ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የለመድኩት ሙያ ብቻ ነው። እሱው ሙያ ከኮርናቫን ጣቢያ ኋላ ባለ ቀጭን መንገድ፣ ምድር ቤት ውስጥ ካለ አንድ ባንዲራ የሚሰፋበት አተሊየ፣ ስፌት ቤት ማለት ነው፣ አስገባኝ። ጄኔቫ ውስጥ ባንዲራ እንደ ዳቦ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለሆቴሉ፣ ለሐይቁ ጀልባ፣ ለስብሰባው ጠረጴዛ በየቀኑ ይፈለጋል። ነፋስ ይበላዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይለውጠዋል። አንድ ሀገር ዓርማውን ሲቀይር ከሬዲዮ ቀጥሎ የሚያውቀው የኛ ምድር ቤት ነበር። ፓትሮናችን፣ አሠሪያችን፣ በደረጃው እየተንደረደረ ወርዶ «ያንን ኮከብ ፍቱት!» ይላል፣ እኛም ቁጭ ብለን ኮከብ እንፈታለን። የካውያው እንፋሎትና የትኩስ ናይለኑ ሽታ አሁንም አልፎ አልፎ በልብስ ንጽሕና መስጫ ደጃፍ ሳልፍ ያገኘኛል። ያኔ በቃ፣ ጎፈሬዬ ይመለሳል፣ ሱሪዬም መንገዱን መጥረግ ይጀምራል።

በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠኝ የስፔን ባንዲራ ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ምን ይከብዳል? ሦስቱንም እኩል እኩል ቆርጬ፣ አያይዤ፣ ተኩሼ፣ በኩራት ዘረጋሁት። ከጎኔ ባለው መኪና የምትሰፋው ሴት ሳቋን ለቀቀችው። ሬሜዲዮስ ትባላለች፤ ስፔናዊት ናት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ ክር በጥርሷ የምትበጥስና ቀኑን ሙሉ የምታወራ ሴት።

«ታዴ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ!»

«የኔማ ቢጫው የቀዩ እጥፍ ነው። አንተ የራስህን ባንዲራ ነው አረንጓዴውን ቀይ አድርገህ የሰፋኸው!»

እውነቷን ነው። የኛ ሰው እጅ ሦስት ቀለም ካየ እኩል አድርጎ ነው የሚቆርጠው። ከልጅነታችን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ተሰልፈን ወደ ላይ አንጋጠን ያየነው እሱን ነው፦ አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ መሀል፣ ቀይ ከታች። ቀይ ምንጊዜም ከታች ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ታመጣለች።

የተበላሸውን አብራኝ እየፈታች ታሪኩን ነገረችኝ። ድሮ የስፔን መርከቦች ነጭ ባንዲራ ነበር የሚያውለበልቡት። ችግሩ፣ ሌሎችም ነገሥታት ነጭ ያውለበልባሉ፤ ባሕር ላይ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ንጉሡ ብዙ ንድፍ አስቀርቦ ከሩቅ ጎልቶ የሚታየውን ቀይና ቢጫ መረጠ። «ለውበት አይደለም» አለችኝ፣ «ተሳስተን እርስ በርስ እንዳንተኳኮስ ነው።» መሀሉ ላይ ደግሞ ዓርማው አለ፣ ያን ዓርማ ስወደው! ግንቡ ካስቲያ ነው፣ አንበሳው ሊዮን፣ ሽንትሩ አራጎን፣ ሰንሰለቱ ናቫራ፣ ከታች ያለችው ሮማን ግራናዳ። ሁሉም የጥንት መንግሥታት ናቸው፣ ተጋብተውም ተዋግተውም አንድ ጋሻ ላይ የተሰበሰቡ። ግራና ቀኙን ሁለት ዓምድ ቆሟል፤ ድሮ የዓለም ጫፍ ነው ይባል የነበረው የባሕር በር ምልክት ነው፣ የተጠመጠመው ጥብጣብ ላይም «ከዚህም ወዲያ አለ» የሚል የላቲን ቃል ተጽፏል። እኔ አንበሳውን እንደ ዘመድ ነበር የማየው። የኛ አንበሳ ዘንጉን ይዞ በዝግታ ይራመዳል፤ የነሱ ግን በኋላ እግሩ ቆሞ፣ ምላሱን አውጥቶ ሊቧጭር ተነስቷል።

«አንበሳችሁ ጨዋ አይደለም» እላታለሁ።

«ያንተስ ደመወዝ ሊቀበል የሚሄድ ይመስላል!» ትለኛለች።

በገባሁበት ሰሞን ከጋሻው ኋላ ትልቅ ጥቁር ንስር ነበር፣ የጄኔራላቸው ዘመን ንስር። ጄኔራሉ ከሞተ ጥቂት ቆይቶ ንስሩም ቀረ፣ አዲስ ዓርማ መጣ። ሬሜዲዮስ ከቀሩት ባንዲራዎች ላይ ንስር ስትፈታ እያፏጨች ነበር። ደስታዋ ግን ስለ ንስሩ አልነበረም፣ ስለ አባቷ ነው። «አሁንማ አገሩ ይገባል» ትለኝ ነበር።

አባቷ ዶን ማርሴሎ ናቸው። ጄኔቫ ዳር፣ ለ ሊኞን በሚባለው ማለቂያ የሌለው ረጅም ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ። ሕንፃው ሲሠራ ለሳኝ ነበሩና፣ በገዛ እጃቸው የለሰኑት ግድግዳ ውስጥ ነው ተከራይተው የሚኖሩት። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እዩ፣ አንድ ስንጥቅ የለውም» ይላሉ። እሑድ እሑድ ምሳ እዚያ ነበርኩ። በሰባተኛው ፎቅ በረንዳ ስንቆም የሮን ወንዝ ከታች ይታያል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ አሳውና ቀይ በርበሬው ይሸታል፣ እሳቸውም በፈረንሳይኛ ይጀምሩና በስፓኒሽ ይጨርሱታል። ስፓኒሽ የለመድኩት በዚያ ነው።

የዶን ማርሴሎ ባንዲራ ግን እኛ የምንሰፋው አልነበረም። እሳቸው ወጣት ሳሉ ስፔን ንጉሥ የሌለባት ሪፐብሊክ ነበረች፤ ባንዲራዋም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ሆኖ ሦስቱም እኩል ነበሩ። ያ መንግሥት በጄኔራሉ ጦር ሲወድቅ ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግረውን ተራራ በበረዶ አቋርጠው ወጡ፣ ያ ባንዲራ ሳይመለስ ላይመለሱም ማሉ። ንስሩ ከሄደ በኋላ ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ እየገቡ እሳቸው ቀሩ። መንደራቸው ውስጥ ደግሞ ታላቅ እኅታቸው ካርመን ታመዋል። አገር ደርሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ መልእክት ነው የሚያመጣው፦ «ማርሴሎን አንድ ጊዜ ልየው።»

«እኅቴን እወዳታለሁ» ይላሉ ሽማግሌው። «ግን በዚያ ባንዲራ ሥር አላልፍም።»

«አባባ፣ የምታልፈው በባንዲራ ሥር አይደለም፣ በጉምሩክ ነው!» ትላለች ሬሜዲዮስ። ትስቃለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ያንን ለቅሶ አልችለውም ነበር። እኅትየው ከሞቱ በኋላ ምን ዓይነት ባንዲራ ነው ሰውዬውን የሚያጽናናቸው?

አንድ እሑድ ልቀልድባቸው ፈለግሁ። «ዶን ማርሴሎ፣ አዲሱን ዓርማ በደንብ አይተውታል? አንበሳው እኮ ሐምራዊ ነው። ተባረረ የሚሉት ቀለም ዘውድ ደፍቶ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል።» እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ግን አልተሸነፉም። ያኔ ነው ከአፌ የወጣው፣ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅ፦ «እርስዎ ባንዲራው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ባንዲራውን እርስዎ ቢመልሱትስ? እኛ አገር የባንዲራ ቀለም ልብሳችን ላይ ጥለት አድርገን እንለብሰዋለን። ካፖርትዎን ይስጡኝ፣ ገበሩን እቀይርልዎታለሁ። በውጭ በኩል ጥቁር ካፖርት ነው፣ ማንም አያየውም። ውስጡ የእርስዎ ነው።»

ሬሜዲዮስ ጭልፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ተነሱ፣ ከመስቀያው ጥቁር የሱፍ ካፖርታቸውን አወረዱና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «ባቡሩን ጠይቂ» አሏት ሬሜዲዮስን።

እንዴት ፈነጠዝኩ! ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፤ ሐምራዊ ግን ያ ሁሉ የዓለም ቀለም በተደረደረበት አተሊየ ውስጥ የለም። ለካ ሐምራዊ ያለበት ባንዲራ ብርቅ ኖሯል። ቅዳሜ ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከመብራት ማቆሚያውና ከተሰባበረው ሸክላ መሀል ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ከሻንጣ ውስጥ ሐምራዊ የሳቲን የራት ቀሚስ አወጣችልኝ። ደረቱ ላይ ዶቃ አለው። «ለሚስትህ?» አለችኝ። «ለአንድ ሽማግሌ» አልኳት። ከቡና ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ሰጠችኝና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች፤ ጄኔቫ ውስጥ ማንም በማንም አይገረምም።

በየምሳ ሰዓቱ ሰፋሁት። ሬሜዲዮስ ባቡሩንና ዕረፍቷን ለማስተካከል ስትሯሯጥ ነበርና ለማየት ጊዜ አላገኘችም። የነገረችኝ በቃል ነው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ እኩል እኩል። እኩልማ የኔ እጅ ነው! እየዘፈንኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር እያወራሁ፣ እጄ የለመደውን ሠራ። እንዲያ ያለ ቀጥ ያለ ስፌት ከዚያ ወዲያ ሰፍቼ አላውቅም።

ለመንገዱ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ለ ሊኞን ወሰድኩት። ሻንጣዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እንደ ቲያትር መጋረጃ ከፈትኩት። ሬሜዲዮስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዴ! ተዘቅዝቋል!»

አየሁት። ቀዩ ከታች ነው፣ ሐምራዊው ከላይ። የነሱ ባንዲራ ቀዩ ከላይ ነው። እጄ ቀይን የት እንደሚያውቀው ነግሬያችኋለሁ። ባንዲራ ሰፊ ነኝ፣ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ባንዲራ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወይ ስድብ ነው ወይ የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ለኚህ ኩሩ ሰውዬ፣ ለዚህ መንገድ! «አሁኑኑ እፈታዋለሁ» አልኩ፣ መቀስ ፍለጋ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ። ሬሜዲዮስ ሻንጣዎቹን አየች። አባቷ በዚህ ሰበብ ቢቀሩ ዳግመኛ እንደማይነሱ ሁለታችንም ገብቶናል።

«ቆይ» አሉ ዶን ማርሴሎ። ካፖርቱን ለበሱት። መስኮቱ አጠገብ ካለች ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ የካፖርቱን አንዱን ክንፍ ጉልበታቸው ላይ ገለጥ አደረጉና አቀርቅረው አዩት። ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነበር።

«ማንም እንዳይነካው» አሉ። «ለእኔ ልክ ነው።»

«ዶን ማርሴሎ፣ ተዘቅዝቋል እኮ…»

«ለእኔ ልክ ነው አልኩህ፣ ልጄ።»

እንዳላፍር ብለው ነው ብዬ ተቀበልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ኮርናቫን ጣቢያ እስከ አንገታቸው ቆልፈውት በባቡሩ መስኮት እጃቸውን አወጡልኝ። ሬሜዲዮስ ለሁለት ሳምንት ብላ የሄደች እዚያው ቀረች። እኔም ብዙ ሳልቆይ አገባሁ፤ ሚስቴ አልትሽቴተን ሥራ አግኝታ ወደ ዙሪክ ተዛወርን። ጎፈሬው ሄደ፣ ማህሌት መጣች፣ አተሊየውም ተዘጋ አሉ። ሽማግሌው እኅታቸውን አግኝተው ይሆን? ያንን ገበር ለምን አላስፈቱኝም? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳልመልስ አረጀሁ። የኛ ሰው እዚህ ተሰብስቦ አንዱ አንበሳ ያለበትን ባንዲራ፣ አንዱ ኮከብ ያለበትን፣ አንዱ ምንም የሌለበትን ይዞ በመጣ ቁጥር ሲጯጯህ፣ እኔ ጥግ ይዤ የማስበው ያን ጥቁር ካፖርት ነበር።

እና አሁን ኦርሊኮን ላይ፣ በጡሩምባው መሀል፣ ካፖርቱ ይጨፍራል! ሕዝቡ መዝሙር ይዟል፤ የስፔን መዝሙር ቃል የለውም፣ ስለዚህ ሁሉም «ሎ ሎ ሎ» እያለ ነው የሚዘምረው። ሰው እየገፋሁ ገባሁ፣ ማህሌት እጄን ይዛ ትከተለኛለች። ልጅቷን እጅጌዋን ያዝኳትና በዛገው ስፓኒሼ ጮህኩ፦ «ይሄ ካፖርት የዶን ማርሴሎ ነው!»

ቀጥ አለች። ጉንጯ ላይ የተቀባችው ቀይና ቢጫ በላብ ተቀላቅሏል። «የአያቴ አባት ናቸው» አለች። «የአያቴ የሬሜዲዮስ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ታደሰ።»

«ታዴ?» ጮኸች። «ካፖርቱን የሰፋው ታዴ?» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከካፖርቱ ጋር ሆኖ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ እኔ ግን ማንም እንዲያስለቅቀኝ አልፈለግሁም። ኑሪያ ትባላለች፣ እዚሁ ኦርሊኮን ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሬሜዲዮስም በሕይወት አለች፣ አሁንም ክር በጥርሷ ትበጥሳለች።

«እኅታቸውስ?» አልኳት። ሌላ ነገር ለመጠየቅ ትንፋሽ አልነበረኝም። «ካርመንን አገኟቸው?»

«አገኟቸው እንጂ! ካርመን ወንበራቸውን ደጃፍ አውጥተው እየጠበቁ ነበር። ዶን ማርሴሎ አጠገባቸው ተቀመጡና ካፖርቱን ከፈቱት። እኅትየው እጃቸውን ገበሩ ውስጥ ከተው ‹ሞቃት ነው› አሉ ይባላል። ያን ክረምት ሙሉ አብረው ተቀመጡ።»

አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። ማህሌት ግራ ገብቷት መሀረብ ትሰጠኛለች።

«ዘቅዝቄ ነበር እኮ የሰፋሁት» አልኳት ኑሪያን።

ሳቀች። «መንደሩ ሁሉ ተዘቅዝቋል ሲላቸው ‹ለብሳችሁ ተቀመጡ› ይሉ ነበር አሉ። እርስዎ ለብሰውት ያውቃሉ?»

ለብሼው አላውቅም። ልብስ ሰፊ የሰው ልብስ አይለብስም። ካፖርቱን አወለቀችና መልሳ ገለበጠችው፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ፣ ቀለሙን ወደ ውስጥ። አለበሰችኝ፣ የትራም ማቆሚያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ። አንዱን ክንፍ ጉልበቴ ላይ ገለጥኩትና አቀረቀርኩ።

ቀዩ ከላይ ነው። ቢጫው መሀል። ሐምራዊው ከታች፣ ደረቴ አጠገብ። ከፊት ለፊቴ ለሚቆም ሰው የተዘቀዘቀው፣ ለብሶት ቁልቁል ለሚያየው ሰው ቀጥ ያለ ነው፤ ከጉልበት በኩል ያለው ጫፍ ከላይ ሆኖ ይታየዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋኋቸው ባንዲራዎች ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነበሩ። ይሄ አንዱ ብቻ ለለበሰው ነው። ሽማግሌው አላዘኑልኝም፣ አልዋሹኝም፤ እውነትም ለእሳቸው ልክ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች ማህሌት።

«ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አልኳት። «እንደሱ ከፊት ሆነሽ አይደለም። ከእኔ በኩል እዪው።»

ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ታች አየች። ትራሙ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠበቀን፣ ሄደ።